ያለ ደመወዝ የሠራሁት ጥርስ

ሮም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ መቀመጥ እንደምችል፣ መሥራት ግን እንደማልችል በግልጽ ተጽፎ ነበር። ደርግ ወንድሜን ወስዶ ካስቀረው በኋላ እናቴ እኔን ለማትረፍ ወደ አክስቴ ላከችኝ። አክስቴ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ሴት ናት፤ የምንገናኘው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ፒኜቶ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየሁት ክፍል ተጋድሜ እውላለሁ።

ስለ ኮርሱ የሰማችው አክስቴ ናት።

"ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ሙያ አስተምረው ሥራ ያስይዛሉ አሉ። የምትመራው ሲኞራ በጣም ደግ ናት" አለችኝ።

"ደግ ናት ያለሽ ማነው?"

"አሠሪዬ ናት። ጓደኛዋ ነች።"

ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ኮርሱ የሚሰጠው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ሲኞራዋ የጠበቃ ሚስት ናት፤ ቤቷ ሠራተኛ ስላላት ቀኑ ይረዝምባታል። እሷ ማንንም "አንተ፣ አንቺ" እያለች እኛ አንቱ ካላልናት ይከፋት ስለነበር፣ ዛሬ ስለ እሷ ስጽፍ አንቱታዬን አላባክንም። አሥራ አራት ነበርን። ግማሾቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን ነን፤ የቀሩት የዕፅ መርፌና ዱቄት ያበላሻቸው የሮም ዳርቻ ልጆች ናቸው። ሁላችንንም "ምስኪኖቼ" እያለች ነው የምትጠራን።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት አሠሪን እንዴት እጅ እንደሚነሱ፣ እንዴት እንደሚያመሰግኑና እጅ እንዴት እንደሚታጠቡ ነበር። ከእኛ መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ምሕንድስና የተማረ ልጅ አለ። ሲኞራዋ ሰሌዳው ላይ ቧንቧ ሣለችና "ይህን ወደ ግራ ስታዞረው ውኃ ይመጣል" አለችው። ልጁ ቧንቧውን ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ከእሷ ሥዕል የእሱ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ቲሮቺኒዮ የሚሉት መጣ፤ ድርጅት ገብቶ ሥራ መልመድ ማለት ነው።

"ይህ ሥራ አይደለም፤ ትምህርት ነው" አለች ሲኞራዋ። "ስለዚህ የሥራ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ ደመወዝም የለውም።" ሁለቱንም እንደ ምሥራች እኩል ፈገግ ብላ ነገረችን።

እኔና ከባሕር ዳርቻው ከኦስቲያ የመጣች አንዲት የኮርሱ ልጅ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ተመደብን። ልጅቷ ዱቄቱን ከተወች ዓመት ሆኗታል። ላይኛዎቹ ሦስት የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ ስታወራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

"አንቺ ጥቁር ነሽ፣ እኔ ጥርስ የለኝም" አለችኝ ትራም ላይ። "ካፌ ቢመድቡን ደንበኛ ይሸሻል። እዚህ ግን ማን ያየናል?"

ፓድሮኔው፣ የቤቱ ጌታ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። "ስድስት ወር ነው። ጎበዝ ከሆናችሁ እዚሁ ትቀራላችሁ" አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሶ እያቦካን፣ ወለል እየጠረግን፣ የተሠራውን ጥርስ በትራም ለሐኪሞች እያደረስን፣ ቡናውን ከባር እያመጣንለት ኖርን። መቼ ነው የምታስተምረን ብዬ ስጠይቀው "ሙያ በዓይን ነው የሚሰረቀው" አለኝ። እሱን ብሰርቀው ግን የማገኘው ሽቶውን ብቻ ነበር፤ አንዲት ጥርስ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

የሚሠሩት ከጓዳ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአስመራ ሴት ናቸው፤ ራሳቸው ብዙ ዘመን አዲስ አበባ ሠርተው፣ ደርግ ቤታቸውን ሲወርስባቸው ወደዚህ መጡ። ይህን ግን መጀመሪያ አላወቅሁም። አንድ ቀን ጀሶ እያቦካሁ በአማርኛ "ምን ዓይነት ውርደት ነው" ብዬ ሳጉረመርም፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣

"ጀሶው ቀጥኖብሻል ልጄ። ውርደቱን ተዪውና ዱቄት ጨምሪ" አሉኝ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ፓድሮኔው ምሳውን በልቶ ተኝቶ እስኪነሳ ድረስ ያለው ሰዓት ትምህርት ቤታችን ሆነ። መጀመሪያ ከሳሙና ጥርስ አስቀረጹን። የእኔን የኦስቲያዋ ልጅ አየችና "ይሄ የፈረስ ነው" ብላ ሳቀች፤ አፏን ሸፍና። ከሳሙና ወደ ሰም አለፍን። በአራተኛው ወር ላይ፣

"አሁን ደግሞ ለሰው ሥሪ" አሉኝ።

"ለማን ልሥራ?"

ወደ ልጅቷ አዩ። እሷ ደግሞ እጇን አፏ ላይ ይበልጥ አጠበቀችው።

የድዷን ቅርጽ ወሰድን፤ ጀሶ አፈሰስን። የተጣሉ ጥርሶች ካሉበት መሳቢያ ሦስት መርጠን መስኮት ዳር ወስደን ከእሷ ጋር አስተያየን። እኔ ነጩን ስመርጥ እሳቸው ተቆጡ። "ሲጋራ የምታጨስ ልጅ ናት። ነጩ ውሸት ያስመስልባታል።" የመጀመሪያው ድዷን ላጣትና ጣልነው። ሁለተኛው ልክ ገባ። ልጅቷ ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ረጅም ጊዜ ቆይታ ስትወጣ፣ ጥርሶቿ ከረገፉ ጀምሮ የከዳትን ድምፅ "ስ... ስ... ስ..." እያለች ነበር።

ፓድሮኔው ያወቀው በሳምንቱ ነው፤ ረስታ ፊቱ ሳቀች።

"ሌቦች!" ብሎ ጮኸ። "በእኔ ዕቃ፣ በእኔ ቤት! ዛሬውኑ ውጡ!"

አዛውንቱ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። "ልጆቹ ከወጡ እኔም ኮቴን አነሳለሁ" አሉት። ፓድሮኔው እሳቸው ከሌሉ ማን ጥርስ እንደሚሠራለት አሰበና ቡናውን እንድናመጣለት አዘዘን።

ስድስቱ ወር ሲያልቅ ምድር ቤቱ ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጫ ድግስ ተዘጋጀ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ኬክ፣ ቄስ፣ ገንዘብ የሚሰጡ ሀብታሞች። ሲኞራዋ የኦስቲያዋን ልጅ እጇን ይዛ ወደ ፊት ጎተተቻት።

"ፈገግ በይ እንጂ የኔ ቆንጆ! ይህ ፈገግታ የቸሩ ወዳጃችን ስጦታ ነው!"

ፓድሮኔው ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። ሰው አጨበጨበ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ፤ እነዚህ ግን በሰው ቁስል ኬክ በሉበት።

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ተራዬ ሲደርስ የምለውን ምስጋና በቃሌ ይዤ ነበር፣ የፓድሮኔውም ስም አለበት። ልጅቷ ባትቀድመኝ ኖሮ እንደ በቀቀን እደግመው ነበር። እሷ ግን ሁለት ጣቶቿን ከተተችና ጥርሱን አውጥታ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጠችው።

"የሠራችው ያቺ ናት" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። "እሱ ሌቦች ብሎ ሊያባርረን ነበር።"

ሹካዎች በአየር ላይ ቀሩ። ፓድሮኔው ጣሪያውን ያይ ጀመር። ከዚያ ሲኞራዋ፣ ሌላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች፣ "ምን ዓይነት ትሕትና ነው!" ብላ አጨበጨበች። ሀብታሞቹም ተከትለው አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ሰው በምን ይሰደባል? ስድቡንም ኬክ ያደርገዋል።

ሰኞ ጠዋት ጥርስ ቤቱ ሽርጤን ልወስድ ስሄድ አንድ አዲስ ልጅ ለብሶት ጀሶ ያቦካል። ፓድሮኔው "ፔርሜሶሽ እኮ ሥራ አይፈቅድም፤ በጣም አዝናለሁ" አለኝ። መጀመሪያ የገባሁ ዕለትም አይፈቅድም ነበር።

አዛውንቱ በር ድረስ ሸኝተው የሌላ ቤት አድራሻ ጻፉልኝ። "አፍሽን አትክፈቺ። እጅሽን አሳዪ" አሉኝ። የሄድኩበት ቤት መስኮት የሌለው፣ ባለቤቷም ከጠዋት እስከ ማታ የምትጨቃጨቅ ሴት ናት፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፍለኛለች። እዚያው ቀረሁ። የሥራ ፔርሜሶዬም ከዓመታት በኋላ መጣ።

የኦስቲያዋ ልጅ ከዚያ ከወጣን በኋላ እዚያው ኦስቲያ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ የፀሐይ ጥላ ታከራይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋት። በሦስተኛው አጣኋት። አሠሪዋ "ወደ ሰሜን ሄዳለች" አለኝ፤ ሲነግረኝ ግን ዓይኔን አላየም። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ ባለመጠየቄ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሲኞራዋ የምሠራበት ቤት ደወለች። "ለአዲሶቹ ምስኪኖቼ ታሪክሽን ንገሪልኝ" አለች። እምቢ ልላት ነበር፤ አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች መሆናቸውን ስሰማ ሄድኩ። "የእጄ ፍሬ" ብላ አስተዋወቀችኝና፣

"በቋንቋችሁ አውሪያቸው፤ ልባቸውን ይነካል" አለችኝ።

አወራኋቸው። የትኛው ቤት ስድስት ወር ጀሶ አስቦክቶ እንደሚያባርር፣ የትኛው እንደሚከፍል፣ ከመግባታቸው በፊት "ከእኛ በፊት የነበሩት የት ደረሱ?" ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው በአማርኛ ነገርኳቸው። ሁሉም እርሳስ አውጥተው ጻፉ።

"ታዲያ ኮርሱን እንተወው?" አለችኝ አንዷ።

"ቋንቋውን እስክትይዙ ተቀመጡ። ቤቱ ይሞቃል።"

ሲኞራዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣችና ምን ብያቸው እንደዚያ እንደጻፉ ጠየቀችኝ።

"ያስተማርሽኝን ነው" አልኳት።

በሳምንቱ ከእነሱ ሁለቱ እኔ ጋ መጡ። አንዷን አሠሪዬ እየተጨቃጨቀችም ቢሆን ተቀበለቻት፤ ለሌላው ወደ አንድ ሌላ የሚከፍል ቤት በየትኛው ትራም ሄዶ የት እንደሚወርድ ነግሬው ሸኘሁት።