ከቦታቸው የተነሱት ድንጋዮች

ሁለተኛ ዲግሪዬን በአርኪዮሎጂ ስማር የክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ሰሜን ሄዱ። እኔ ግን ቦንጋ የታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ እዚያው አካባቢ ካለችው ዋጫ ከተማ አጠገብ አንድ ጉብታ ላይ የቆሙ ጥንታዊ ድንጋዮችን መረጥኩ። ማን እንዳቆማቸው፣ መቼ እንዳቆማቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ላይና ታች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ቁመታቸው ከጉልበት እስከ ትከሻ ይደርሳል። ለእኔ ዋናው ነገር ድንጋዩ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነበር። የትኛው ከየትኛው ጋር ይተያያል? ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ወንዙ ነው ወይስ ወደ ጫካው? የማጠናው ይህን ነበር።

ክረምቱ ሲጠነክር የታችኛውን ረድፍ፣ አሥራ ስድስቱን፣ ለክቼ ካርታ ላይ አስፍሬ ነበር። የላይኛው ለመስከረም ቀረ። ልሄድ ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ሁለት ቃል እንድናገር ለመነኝ። ተነሳሁና "እነዚህ ድንጋዮች የእናንተ ሀብት ናቸው። አደራ፣ አንድም እንዳይጠፋ ጠብቁልኝ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

በመስከረም መጨረሻ ከቦንጋ በሚኒባስ ዋጫ ደረስኩ፤ ከዚያ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ጉብታው ባዶ ነው። ድንጋዮቹ በነበሩበት ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። ተሰረቁ ብዬ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሩጫ ወረድኩ።

ግቢው ውስጥ፣ ባንዲራው ሥር፣ ሠላሳ አንዱም ተሰልፈዋል። በቁመት ቅደም ተከተል፣ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፣ ልክ እንደ ተማሪ። ኖራ ተቀብተዋል፤ ኖራው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ ታጥረዋል።

ሊቀመንበሩ እየሳቀ ከቢሮው ወጣ። "መምህርት፣ እንኳን ደህና መጡ! ይቁጠሯቸው፤ አንድም አልጠፋም።"

"ማን ነው ያነሳቸው?" አልኩት።

"እኛ ነና! የልማት ቡድኑ በሙሉ ወጥቶ ሁለት ቀን ፈጀብን። እዚያ ሜዳ ላይ ማን ይጠብቃቸዋል? እዚህ ዘበኛ አለ።"

ያልኩትን ነው ያደረገው። "ከቦታቸው እንዳታነሷቸው" አላልኩም፤ ይህን የሚያስብ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም።

"መልሳችሁ ትከሉልኝ" አልኩት።

ከፋው። "ሪፖርቱ እኮ ወረዳ ደርሷል። ቅርስ ማሰባሰብ፣ መቶ በመቶ ብለን ልከናል። በባለሙያ ምክር መሆኑንም ጽፈናል።"

"የምን ባለሙያ?"

"እርስዎ ነዎታ!"

ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ዋናው መንገድ ወጥቼ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ጨርሰው ከሰሙኝ በኋላ "የላይኛውን ረድፍ ለክተሻል?" አሉኝ።

"አልለካሁም።"

"ከቦታው በተነሳ ድንጋይ ቤት ይሠራበታል እንጂ መመረቂያ አይጻፍበትም። ሌላ ርዕስ ፈልጊ" አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ሌላ ርዕስ! መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

በማግስቱ፣ ከየት እንዳነሷቸው ያስታውሱ ይሆናል ብዬ፣ ድንጋዮቹን የተሸከሙትን ሰዎች እንዲጠራልኝ ሊቀመንበሩን ጠየቅሁት። ሰባት ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው የጉብታው የግጦሽ መሬት ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቁጥር ሃያ ሰባትን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና "ይቺን አልረሳትም፣ ልጄ። ለአራት ተሸክመናት ወገቤን የቆረጠችው እሷ ናት" አሉ። ጉብታው ላይ ስንወጣ ጉድጓዷን ያለ ማመንታት አሳዩኝ። ሌሎቹም የከበዷቸውን ድንጋዮች ቦታ አንድ በአንድ እየሄዱ ቆሙበት። ያስቸገሩት ትንንሾቹ ነበሩ። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመው፣ አንዱ የአሥራ አንድ ቁጥር ነው፣ ሌላው የስምንት ነው እያሉ በቋንቋቸው በካፊኖኖ ተጯጯሁ። እኔ ሜትሬን ይዤ ካፊያው እየመታኝ ጠበቅሁ። ፊታቸው ወዴት እንደነበር ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም ተያዩ። "ድንጋይ ፊት አለው እንዴ?" አለኝ ታናሹ።

ሦስቱ ጉድጓዶች ላይ እንሰት ተተክሏል። "ምነው አባቴ?" አልኳቸው ሽማግሌውን።

"አፈሩ ተቆፍሮ፣ ለስልሶ ሳገኘው ዝም ልበለው?"

እንዲነቅሉልኝ ስለምናቸው ከልባቸው አዘኑልኝ። "ይሄ ይበላል፣ ልጄ። ያንቺ አይበላም።" አልነቀሉትም። ጉንጬን ቅጠሉ እየገረፈኝ በእንሰቱ ዙሪያ ለካሁ።

ከላይኛው ረድፍ አሥራ አምስት ድንጋዮች የአሥራ አንዱን ቦታ አገኘሁ፤ አራቱን "ቦታቸው ያልታወቀ" ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ እያጉረመረሙ ተቀበሉኝ። ጽሑፌን ባቀረብኩ ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ አራቱ ለምን ቦታ እንደሌላቸው ጠየቁኝ። ከኖራው እስከ እንሰቱ ያለውን ነገርኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ሲበቃቸው አሳለፉኝ፤ ነገር ግን ድንጋዮቹ እንዴት እንደተነሱ የሚገልጽ አንድ ምዕራፍ ጨምሪበት አሉኝ፣ ያውም በሁለት ሳምንት ውስጥ። ቦንጋ ተመልሼ በክፍለ ጊዜዎቼ መካከል ያንን ምዕራፍ ስጽፍ መብራት እየሄደ ሁለት ጊዜ የጻፍኩትን በላብኝ። ሦስተኛውን በእጄ ጽፌ አስተየብኩና የተሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሊያልቅ ሲል ላክሁት።