የማሙሽ መብራት

ሰው እንዲህ ይደረጋል? ያውም በገዛ ወንድም!

ኬሚስቷ ታናሽ ወንድሟን ማሙሽን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው፤ እናታቸው ሥራ ውለው ሲመጡ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ተኝቶ ያገኙት ነበር። አስተማረችው። መድኃኒት የሚቀመምበት ላቦራቶሪ ውስጥ ከጎኗ አስቀጠረችው። ዛሬ ጢሙን አንዠርግጎም ለእሷ ያው ማሙሽ ነው።

ሥራቸው ጥሬ ፈሳሽን በብርሃን ወደ መድኃኒት መለወጥ ነው። ፈሳሹን በትልቅ ዕቃ አድርገው ቢያበሩበት፣ ብርሃኑ ላይ ላዩን ነክቶት ይቀራል። መብራት ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ፓምፕ ሲገፋው ግን ብርሃኑ ዘልቆት ይገባል፤ በአንድ በኩል ጥሬው እየገባ በሌላው የተሠራው ይወጣል። ቱቦ መጠምጠሙንም ቢሆን እጁን ይዛ ያስተማረችው እሷው ናት።

አዲስ ክፍል ሊከፈት ሆነና ኃላፊው፣ "ማክሰኞ ሁለታችሁም ሠርታችሁ አሳዩኝ፤ የተሻለው ይመራዋል" አሉ። ያን ቦታ ስትመኘው ነው የኖረችው። ማሙሽ ደግሞ፣ "እትዬ፣ ያንቺ እኮ ነው፤ እኔ ለወጉ ነው የምቆመው" ሲላት አንጀቷን በላው።

ማክሰኞ ፓምፑ ሠራ፣ መብራቱም በራ። ከእሷ ቱቦ የወጣው ግን እንደገባ ነው፤ ጥሬ! በሰው ፊት ውርደት። የማሙሽ አምሮ ወጣ፤ ኃላፊነቱም የእሱ ሆነ።

ሰው ሲበተን ግራ ገብቷት መነጽሯን አወለቀች። ለዓይን መከላከያ የሚያደርጉት ብርቱካናማ መነጽር ሰማያዊውንም ሐምራዊውንም ብርሃን እኩል ያጨልመዋል፤ መብራቶቹ ደግሞ ካልበሩ መንታ ናቸው። የሁለቱም ሥራ የሚፈልገው ሰማያዊ ነው። እሷ ቱቦ ላይ የሚበራው ግን ሐምራዊ! ሽቦውን ራሷ የጠገነችው ሰማያዊ መብራቷ የማሙሽ ጠረጴዛ ላይ ቦግ ብሏል።

"አንተ ነህ?"

ማሙሽ አቀረቀረ። "የኔ ተቃጠለብኝ። አንቺ ብትወድቂ ትነሻለሽ እትዬ፤ እኔን ማን ያነሳኛል?"

"እኔ ነኛ! መቼ ጥዬህ አውቃለሁ?"

ደሟ ፈልቶ በቀጥታ እናቷ ቤት ሄደች። የበላበትን ወጪት ሰባሪ እያለች ሁሉንም ዘረገፈችው። እናት የሚያጣጥፉትን ልብስ እንኳ አላስቀመጡም።

"አውቃለሁ ልጄ፣" አሉ። "መብራቱ ተቃጥሎበት እዚሁ መጥቶ ሲያለቅስ፣ የእህትህን ቀይረህ ውሰድ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።"