ለሥጋ ቤት የሄደው በሬ

ባሏ ከተቀበረ በኋላ ሴትዮዋ መጀመሪያ የነፈገችው አንቱታውን ነው። ከተዳረች ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን የባሏን ታላቅ ወንድም፣ ገና ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ፊት «አንተ» አለችው። ለቀስተኛው ደነገጠ፤ ሰውየውም ደነገጠ። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነበር።

ሰውየውን መንደሩ የሚጠራው «ቆይ» እያለ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ «ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ» ማለቱ የማይቀር ሰው ነው። በዚህ ስንት ተስቋል። አምና ያለው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ወንድማማቾቹ ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። በየተራ ማለት እንግዲህ የታላቅየው ማሳ ሁልጊዜ አስቀድሞ፣ የታናሽየው ደግሞ አፈሩ ከደረቀ በኋላ ማለት ነው። ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ ታያለች። ባሏ «ተይው፣ ወንድሜ ነው» ይላታል፤ እሷም ለእሱ ብላ ትተወዋለች።

አምና የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ባሏን ሆዱን ቆረጠው። ጠዋት ማቃሰት የጀመረ ሰው ሲረፍድ ተጣጥፎ ይጮህ ጀመር። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ጋሪ አላቸው፤ ጋሪውን የሚጎትቱት ግን ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ በሬዎቹ ደግሞ ቆይ ማሳ ላይ ተጠምደዋል። ልጇን ሮጠሽ ጥሪው አለቻት። ልጅቷ እያለከለከች ደረሰች።

«አጎቴ፣ አባዬ ሊሞት ነው! በሬዎቹን ይፍቱልን!»

«ቆይ፣ ይቺን ትልም ልጨርስ።»

ትልሟን ጨረሰ። ከዚያ ሌላ ጀመረ፤ እርጥበቱ ያመልጠዋላ! ተራ ቁርጠት መስሎት እንደነበር በኋላ ምሎ ተገዝቷል። በሬዎቹን እየነዳ የመጣው ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ባሏ ጋሪው ላይ እንደተኛ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ሞተ። ቀና ስትል ከፊቷ የምታየው የገዛ በሬዋን ታፋ ነበር፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ባሏ ሲያጣጥር በሬዋ ለዚያ ሰው ሲያርስ ነው የዋለው። ይሄን ማን ይረሳል? እሷማ አልረሳችም። ዓመቱን ሙሉ ቂሟን አዝላው ዞረች፤ ስታልብም ስታርምም አላወረደችውም።

ዘንድሮ ደመናው መጠራቀም ሲጀምር አንድ ጠዋት በሬውን ከጋጣ አወጣችው።

«ልትሸጪው ነው?» አለቻት ልጇ።

«አዎ፤ ለሥጋ ቤቱ።»

«ለምን ለሌላ ገበሬ አትሸጪውም?»

«ገበሬ ጋ ከሄደማ ያ ሰው ለምኖም ቢሆን ያገኘዋል።»

«የእኛ ማሳስ? ምን ልንበላ ነው?»

«የእሱም አይታረስም።»

«እማዬ፣ እኔ የጠየቅኩሽ የእኛን ነው።»

 የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ባሏ ሁለቱን በሬዎች ከወይፈንነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ነው ያሠለጠናቸው። የቆይ በሬ ከእሷው በሬ ሌላ ከማንም ጋር ቢጠምዱት ይተኛል እንጂ አይራመድም። ይሄን እያወቀች ነው ገመዱን የያዘችው።

ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ በሬው መዳፏን ላሳት፤ ጨው የምትሰጠው መስሎታል።  ልትመለስም አስባ ነበር። በሬውን ወደ ቤት ስታዞረው ታፋውን አየችና ያ መንገድ ትዝ አላት። ገመዱን ለባለ ሥጋ ቤቱ ሰጠችው። በዋጋው እንኳ አልተከራከረችም፤ ሰውየው የታመመ በሬ አመጣችብኝ ብሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየው።

ዝናቡ በማግስቱ ጣለ። በነጋታው ቆይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጠራው ማልዶ፣ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጇ ቆመ።

«እንዴት አደርሽ፣ እህት ዓለም?»

«ምን ፈለግክ?»

«በሬውን አውጪልኝ። ዘንድሮ የምጀምረው ካንቺ ማሳ ነው። ያንቺን ሳልጨርስ የኔን አልነካም። ከዚያን ቀን ወዲህ እኮ እንቅልፍ የለኝም።»

ይቺን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃለች! ባሏ በሕይወት እያለ ብትባል ኖሮ የቆይን እግር ባጠበች። አሁን ግን ይባስ አንገበገባት።

«በሬውን ሥጋ ቤት ሄደህ ጠይቅ» አለችው። «ፈጠን በል ታዲያ፤ ከረፈደ የምታገኘው ቆዳውን ብቻ ነው።»

ቀንበሩን አወረደና ላዩ ላይ ተቀመጠ። እንዳየችው ደስ አላት፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት።

«አንቺስ?» አላት። «አንቺስ በምን ልታርሺ ነው?»

«በእጄ።»

ቆይ ተውሶ ያመጣውን በሬ ከራሱ በሬ ጋር ጠመደው። የራሱ እዚያው ትልሙ ውስጥ ተኛበት፤ ቢመታው ቢለምነው አልነሳ አለ። በመጨረሻ ሰውየው መቆፈሪያ አንስቶ መቆፈር ጀመረ። እሷም ከማሳዎቻቸው ድንበር ወዲህ መቆፈሯን ቀጠለች። እሱ ቀና ካላለ ቀና አትልም፤ እሱ ካላረፈ አታርፍም። መዳፏ ተልጦ እጀታው ደም በደም ሆኗል።

ልጅቷ በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ጠጪ።»

«እሱ ጠጥቷል?»

ልጅቷ ወደ ማዶ አየች። «አልጠጣም።»

«እንግዲያው እኔም አልጠጣም።»

ልጅቷ የእናቷን የደረቀ ከንፈር አየች። ከዚያ ጣሳውን እንደያዘች ድንበሩን ተሻግራ ወደ አጎቷ ሄደች። አዝናለት አይደለም፤ እሱ ካልጠጣ እናቷ እንደማትጠጣ ገብቷት ነው።