ቁጭ ያላሉት ሽማግሌዎች

ጀማነህ ለበረዶ ያለው አመለካከት ሃያ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም፤ በረዶ ማለት ተዝቆ የሚጣል ነገር ነው። ኮሎምበስ ከተማ ኖርዝላንድ ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ በአካፋ ይዝቀዋል፣ ከመኪናው መስታወት ላይ ይፍቀዋል፣ ግሮቭ ሲቲ ያለው የሚሠራበት ዌርሃውስ እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ ይረግመዋል። ስለዚህ ልጁ ሮሃ ስልሳኛ ልደቱን ምክንያት አድርጋ፣ "አባዬ፣ ከጥምቀት በኋላ ጃፓን ስኪ ልወስድህ ነው፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ" ስትለው ቀልድ ነበር የመሰለው።

"በረዶ ፍለጋ ገንዘብ ከፍለሽ?" አላት። "ነይ ውጪ፣ ድራይቭዌዩ ላይ በነጻ ሞልቶልሻል።"

"ዳድ፣ ያኛው ዲፈረንት ስኖው ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው የነቃው። "ቆይ፣ ጃፓን? አገር ጠፍቶ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮሃ ኬንታ የሚባል ጃፓናዊ ከወደደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጁ ከከተማው በስተሰሜን ያለ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ነው። የሃይማኖቱን ጉዳይ እናትየው ፀሐይወርቅ፣ "የንስሐ አባታችንን አነጋግሬያለሁ፤ ሊጠመቅ ትምህርት ጀምሯል" ብላ ዘግታዋለች። ጀማነህ ግን ልጁን ሊያየው እንኳ አልፈለገም። "እንደ ደንቡ ሽማግሌ ልኮ እስኪጠይቅ ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ!" ብሏል። ይህን ሲል በሩን የቆለፈ መስሎት ነበር፤ ጃፓናዊ ሽማግሌ ከየት ያመጣል? እውነተኛ ፍርሃቱን ለሚስቱም አልነገራት። ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ኬንታ አንድ ቀን ይዟት አገሩ ቢገባስ? የልጅ ልጆቹን በስልክ መስታወት ሊያይ ነው?

"ስሙን ላታነሺ?" አላት ጀማነህ፣ ለጉዞው እሺ ከማለቱ በፊት።

"ፕሮሚስ።"

ፀሐይወርቅ ሻንጣውን ስታዘጋጅለት ታንጎራጉር ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረበት።

በጃፓን ተራሮች ላይ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ሊንሸራተት፣ የሚሄድ ሰው ትልልቅ ሆቴሎች ያገኛል፤ ሮሃ የመረጠችው ግን ሚንሹኩ የሚባሉትን ትንንሽ ማረፊያዎች ነው። ደስ የሚለውም ይኸው ነው፤ ሚንሹኩ ሆቴል ሳይሆን የሰው ቤት ነው። ባልና ሚስት እዚያው ይኖራሉ፣ ጥቂት ክፍሎችን ለእንግዳ ያከራያሉ። ሚስት ታበስላለች፣ ባል ያሳልፋል። እንግዳ ፍራሹን ራሱ ዘርግቶ ይተኛል፣ ጠዋት አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከታል። ጫማ በር ላይ ይወልቅና ነጠላ ጫማ ይደረጋል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፤ እሱ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ጀማነህ ይህን ያወቀው የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ እንዳደረገ እራት ላይ ሲቀርብና ተመጋቢው ሁሉ እግሩ ላይ ሲያፈጥ ነው።

ሁለት ሌሊት እዚያ አድረው ከፍ ወዳለው መንደር፣ ወደ ሌላ ሚንሹኩ ተዛወሩ። በረዶው እዚያ የቤቱን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤቱ ኢሳሙ የሚባሉ ሽበታም ሰው፣ ደጃፉን ሲዝቁ አካፋቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ተቀበሏቸው። ጀማነህ የለመደው ሥራ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሌላ አካፋ አንስቶ ይዝቅ ጀመር። ሰውየው ሳቁ፤ ቋንቋ ባይኖራቸውም ደጃፉን አብረው ጨረሱት።

በማግስቱ ስኪ ያስተማሩት ታኬዳ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ይችላሉ። የስኪ ዋናው ምስጢር ሲገባ በጣም ያስገርማል። ሰው ቁልቁለት ሲያይ ይፈራና ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ወደ ኋላ ሲል ግን ክብደቱ እግሩ ላይ ከታሰረው መንሸራተቻ፣ ከስኪው፣ ፊተኛ ጫፍ ላይ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ስኪው አልታዘዝ ብሎ ይፈተለካል። መፍትሔው ፍርሃት የሚያዘውን መገልበጥ ነው፤ ደረትን ለቁልቁለቱ መስጠት። ጀማነህ ነገሩ ቶሎ ገባው፤ ሰውነቱ ግን እምቢ አለ። ታኬዳ "ወደ ኋላ አይበሉ!" ሲሉ፣ እሱ ወደ ኋላ ብሎ ሲወድቅ ዋሉ። ሕፃናት በአጠገቡ ሽው እያሉ አለፉት።

"አባዬ፣ ያቺ ዳይፐር ያደረገች ትመስለኛለች" አለች ሮሃ።

"ዝም በይ።"

ሲመሽ ከእራት በፊት ገላን መታጠብ የቤቱ ወግ ነው። በኢሳሙ ጓሮ፣ ከሰማይ በታች፣ ከመሬት የሚፈልቅ ፍልውሃ በድንጋይ ተከብቧል። ሰው መጀመሪያ ውስጥ በሳሙና ይታጠብና ከዚያ ወጥቶ ይነከራል፤ ያለ ምንም ልብስ።

"ራቁቴን?"

"የወንዶች ለብቻ ነው። አሁን ማንም የለም" አለችው ሮሃ፣ ፊቷን አዙራ።

እውነትም ማንም አልነበረም። እስከ አንገቱ ገባ። ጭንቅላቱ ላይ በረዶ ይወርዳል፣ የደከመው ገላው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይፍታታል። በረዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደው።

በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ።

ሦስት ሽማግሌዎች ወጡ፤ ኢሳሙ፣ እሳቸውን የሚመስሉ አንድ አዛውንት፣ ታኬዳ። እያንዳንዳቸው ከፊታቸው መሃረብ ከምታህል ፎጣ በቀር ምንም የላቸውም። ጀማነህ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ሦስቱም በረዶው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ውሃው ውስጥ የሚገባ ግን የለም። ኢሳሙ እጅ ነሱና በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ እንዲህ አሉ፦

"ጋሽ ጀማነህ፣ ልጅዎን ሮሃን፣ ለልጃችን ለኬንታ እንዲሰጡን፣ በሽምግልና መጥተናል።"

ጀማነህ ውሃ ዋጠ። ሳሉ ሲበርድለት በእንግሊዝኛ፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ኢሳሙ የኬንታ አባት ናቸው" አሉ ታኬዳ። "እኚህ ታላቅ ወንድማቸው። እኔ ጎረቤት። ሮሃ ሦስት ሁኑ ብላናለች።"

"እዚህ? ራቁታችሁን?"

"እራት ክፍሉ ውስጥ ኢሳሙ አሳላፊ፣ እርስዎ እንግዳ ናችሁ። ሰው ከሰው እኩል የሚሆነው እዚህ ነው ብለው ነው።"

"በሉ ግቡ! ውሃው ውስጥ ግቡ፣ ትታመማላችሁ!"

"እሺ ካላሉን አንቀመጥም። ደንቡ እንደዚያ ነው ተብለናል።"

ጀማነህ ክው አለ። ደንቡ በእርግጥ እንደዚያ ነው። ሽማግሌ "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል፤ ግን ምንጣፍ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው። ባለቤቱም ተግደርድሮ "ቤተ ዘመድ ልምከር" ይልና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል። ማንም በብርድ አይሞትም። እዚህ ግን የታላቅ ወንድምየው ከንፈር ጠቁሯል፤ የኢሳሙ ራስ ላይ በረዶ እየተከመረ ነው፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ያችኑ የአማርኛ ቃላቸውን እንደገና ጀመሩ። ጀማነህ ሸሽቶ ከወዲያኛው ድንጋይ ተለጠፈ።

"ወደ ኋላ አይበሉ!" አሉ ታኬዳ፣ የቀኑ ልማድ አምልጧቸው።

ያኔ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራት ነገር ከአፉ ወጣ። "ይዟት እዚህ ሊመጣ ነው?"

ታኬዳ አስተረጎሙ። ኢሳሙ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ታኬዳ ተረጎሙት።

"ኬንታ እዚያው ኮሎምበስ ቤት ሊገዛ ነው፤ አይመለስም ይላሉ። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ይህ ማረፊያ ከእሳቸው ጋር ይዘጋል። 'እኔ በስልክ ብቻ ነው የማየው። እሁድ እሁድ ቤትዎ እንዲያስገቡልኝ፣ እንዲበላ፣ በስሙ እንዲጠሩት ነው የምለምነው' ይላሉ።"

ጀማነህ ከድንጋዩ ተላቆ ወደ ፊት መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚዘረፈው እሱ ነበር የመሰለው። የልጅ ልጅ በስልክ መስታወት የሚያዩት ለካ እኚህ፣ ትናንት ደጃፍ አብረውት የዘቁት ሰውዬ ናቸው። ሊግደረደር ቃል ፈለገ፤ ቀጠሮ የምትለዋ ምላሱ ላይ ነበረች።

"ቁጭ በሉ" አለ በአማርኛ። "ኬንታን እኔ ቤት አስገባዋለሁ። በእግዜር ቁጭ በሉ!"

ኢሳሙ ትርጉም አልጠበቁም፤ ቁጭ በሉን ሮሃ አስቀድማ አስተምራቸዋለች። ሦስቱም በአንዴ ገቡና ውሃው ገንፍሎ በረዶውን አቀለጠው።

ከእራት በኋላ ጀማነህ ሚስቱን ኮል አደረጋት። ኮሎምበስ ገና እየነጋ ነበር።

"እህስ?" አለች ፀሐይወርቅ፣ ሰላም ሳትለው። "ቁጭ አልካቸው?"

"አንቺም ታውቂያለሽ!"

"አማርኛውን ማን ቀድቶ የላከላቸው ይመስልሃል? ሱፍ ይልበሱ ብያት ነበር። ለበሱ?"

"አልለበሱም።"

"ኮት እንኳ?"

"ምንም፣ ፀሐይ። ራቁታቸውን ነው የመጡት።"

ጀማነህ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሄሎ?" አለ።

"በስመ አብ!" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ቆይ፣ ቆይ... አንተስ ምን ለብሰህ ነበር?"

ጀማነህ ስልኩን ለሮሃ ሰጣት።