ሰው የሚያገዝፍ ካሜራ

ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ፣ ጌጡ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። እሱ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ገዝፎ ይወጣል። ውርጭ ያቆራመደው ገበሬ ከጉና ሥር መጥቶ ይቆማል፤ ምስሉ ሲደርስ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ ያያል።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» ይላል ጌጡ።

ሰውም ደስ ይለዋል። ምስል ለአማች ይላካል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ትንሽ ሆኖ መሰቀልን ማን ይወዳል?

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በበረታበት ዓመት አንድ ማለዳ፣ ፈንታነሽ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ገባች። ልጇን ምትኩን እጁን ይዛዋለች።

«አንተ ጌጡ፣ ልጄን አስበላኸው!»

«ምነው እትዬ ፈንታነሽ? ይረጋጉ እስቲ።»

ለጥምቀት ምትኩን ፎቶ አስነሥታው ነበር፤ ጌጡ ራሱ የራሱን ኮት አልብሶት። ትናንት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አለሙ ወጣት ሊመለምል ቤቷ ሲመጣ፣ ልጁ ከብት ጋ ነበር። አለሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስል አየና፣ «ይኼ ጎረምሳ መትረየስ ይሸከማል፤ ነገ ይዘሽው ነይ» ብሏት ሄደ።

«ዕድሜውን አልነገሩትም?»

«ገና አሥራ ስድስቱ ነው ብዬ ማልኩለት! ‹እናት ልጇን ታሳንሳለች፤ ፎቶግራፍ አይዋሽም› አለኝ። ያገዘፍኸው አንተ ነህ፤ መጥተህ አሳንስልኝ።»

በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን ተሳስተሃል ከማለት ባነሰ ቃል ሰው ወጥቶ ይቀር ነበር። ጌጡ የእናቲቱን ዓይን አይቶ ግን እንቢ ማለት አቃተው።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንደገባ ክው አለ። ከጠረጴዛው በላይ የአለሙ ምስል ተሰቅሏል፤ ያነሣው ራሱ ጌጡ ነው። በምስሉ ውስጥ አለሙ ግንብ ያህላል። ከሥሩ የተቀመጠው አለሙ ግን እግሩ ወለሉን አይነካም።

«ልጁ የታለ?»

«ይኸው» አለች ፈንታነሽ።

«ይኼማ ታናሹ ነው። ትልቁን ደብቀሽ ታናሹን ታመጫለሽ?»

«ሌላ ልጅ የለኝም፣ ጌታዬ!»

«ጌታዬ አትበይኝ! ጓድ በይ። ቤትሽ ሲፈተሽ እናያለን።»

ፈንታነሽ ዘወር ብላ ጌጡን አየችው። ጌጡ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያው እሱ ነው። እኔ ካሜራውን ከወገብ በታች ነው የማቆመው። ከታች ወደ ላይ ያየ ሁሉን ትልቅ ያያል። ደግሞ አጠገቡ መለኪያ የለም፤ በር የለ፣ ሰው የለ። ብቻውን የቆመ ሰው ምስሉን ሲሞላው ግዙፍ ይመስላል። ኮቱም የእኔ ነው።»

ግድግዳውን ላለማየት ታገለ፤ ዓይኑ ግን ከዳው። አለሙ ዓይኑን ተከትሎ ወደ ራሱ ምስል ቀና አለ።

«ሰውን ሁሉ እንዲህ ነው የምታነሣው?»

አይደለም ቢል ልጁ መሄዱ ነው። አዎ ቢል እሱ ራሱ።

«ሁሉንም፣ ጓድ።»

አለሙ ከወንበሩ ወርዶ ምትኩ አጠገብ ቆመ። የልጁ አናት ከሊቀመንበሩ ጆሮ አለፈ። ምትኩም ነገሩ ገብቶት ቀስ ብሎ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ።

«ገና ነው» አለ አለሙ፣ ማንንም ሳያይ። «ለዘንድሮ ይቅር።» ከዚያ ጌጡ ላይ አፈጠጠ። «ይኼን ወሬ ለእኔ ነግረኸኛል። ለሌላ ሰው ብትነግር...» አልጨረሰውም።

ደጅ ሲወጡ ፈንታነሽ እልል አላለችም። የልጇን ትከሻ ይዛ ወደ ታች ተጫነችው።

«ጎንበስ ብለህ ሂድ።»

«ለቀቀን እኮ፣ እማዬ!»

«ለዘንድሮ ነው ያለው። ጎንበስ በል ብያለሁ!»