ሁለተኛው ጉርሻ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለማላውቅህ ለአንተ ለአንባቢዬ የምናገረው፣ ስናገር ፊትህን ስለማላይ ነው።

ጋሼ ተፈራ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበሩ፤ ሎስ አንጀለስ ከመጡ በኋላ ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ሠርተዋል። ከባሕር የተረፈቻቸው ቅዳሜ ብቻ ነበረች፤ በጓደኛዬ በዳዊት ትንሽ የመወዳደሪያ ጀልባ ሦስት ሆነን የምንወጣባት ቅዳሜ። ዳዊት መሪውን ይይዛል፤ እርሳቸውና እኔ ሸራውን። እኔ በአየር ፍሰት ጥናት ዶክተር ነኝ። ማዕረጌን የምጠቅሰው የጥፋቴ አካል ስለሆነ ነው።

አንድ የውድድር ቀን ዳዊት መኪናውን ፓርክ ሊያደርግ ሲሄድ የፊት ሸራውን መምረጥ ለእኛ ተተወ። ለደካማ ነፋስ ትልቁ ይሰቀላል፣ ለብርቱ ትንሹ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ደካማ ነፋስ ነው ይላል። ጋሼ ከወደቡ አፍ ማዶ አሻግረው አዩና፣

«ዶክተር፣ ውሃው ጠቁሯል፤ ብርቱ ነፋስ እየመጣ ነው። ትንሹን እንስቀል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ምጽዋ አይደለም» አልኋቸው።

ሳቁ። ትልቁን ሰቀልሁ። እኔ ሰቀልሁት። ዳዊት ሲመለስ የመነሻው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ምንም ሳይጠይቅ መሪውን ያዘ።

በሁለተኛው ዙር ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ ሸራው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ታግለው ያወረዱት ጋሼ ናቸው። ገመዱ መዳፋቸውን ላጠው።

ከውድድሩ በኋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ፌርፋክስ መንገድ ሄደን አንድ ትሪ ከበብን።

«ሶ፣ ትልቁን ማነው ቹዝ ያደረገው?» አለ ዳዊት።

እውነቱ ምን ይወስድብኝ ነበር? ጥቂት ሳቅ፣ አንድ ሳምንት የማይሞላ ፌዝ። ለዚህ ነው? ለዚህ ነው።

«ጋሼ ናቸው» አልሁ።

ጋሼ አዩኝ፤ ለአፍታ ብቻ።

«አዎ ልጄ፣ ዓይኔ ሳይደክም አልቀረም» አሉት።

ከዚያም በዚያው በተላጠ እጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ። በርበሬው ቁስሉን እያቃጠለው ጉርሻውን እስከ ከንፈሬ አደረሱት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ጎረስሁ። አላምጬ ዋጥሁ። ያን ጊዜ አፌ ሙሉ ነበር እንዳልል፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ባዶ ሆኗል!

«ኦኬ ጋሼ፣ ችግር የለም። ከእንግዲህ ግን በቃ፣ ይረፉ» አላቸው ዳዊት፣ ትከሻቸውን አቅፎ።

አረፉ። የሃያ ዓመት ፓርኪንግ ያልነጠቃቸውን ባሕር እኔ በሁለት ቃል ነጠቅኋቸው። ዛሬም ፌርፋክስ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው የእናቴን ጤና፣ የሥራዬን ነገር ይጠይቁኛል። ስለ ነፋስ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታውን ያን ዕለት፣ ሳልጠይቅ፣ ሁለት ጊዜ አጉርሰውኛል። የቀረው ለዳዊት ጥያቄ እውነተኛው መልስ ነው፤ ይህን ጽሑፍም መጀመሪያ የማነበው በእርሳቸው ፊት ለዳዊት ነው።

ዳዊት፣ ጠይቀህ ነበር። ትልቁን ሸራ የመረጥሁት እኔ ነኝ።