የታጠበው ክንድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሕፃኗን ልታስከትብ ዓባይ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ነርሷ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ፣ «እማማ፣ የፈንጣጣ ክትባት ነው?» አለችኝ። ጨዋታ ትወዳለች፤ ያ ክትባት ከከብት በሽታ የተገኘ እንደሆነ፣ የከብቱና የሰዉ ፈንጣጣ ዘመዳሞች ስለሆኑም ሰውነት አንዱን ካወቀ ሌላውንም እንደሚመክት አጫወተችኝ። እኔ ግን እኅቴን ዘይነባን አስብ ነበር።

ጣሊያን በያዘን ዘመን ነው። አባታችን ጣና ላይ ዓሣ ያሰግር ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ሐይቁ ከክረምቱ ድፍርስ ሲጠራ፣ እኔና ዘይነባ የደረቀ ዓሣ በደንገል ታንኳ ጭነን ባሕር ዳር ገበያ ወረድን። እኔ አሥራ አምስት፣ እሷ ስምንት ዓመታችን ነበር። ወታደሮች ገበያተኛውን አሰልፈው ክንዳችንን አስከተቡን። አስተርጓሚው «ከጥጃ የተወሰደ መድኃኒት ነው፤ ከፈንጣጣ ያድናችኋል» ሲል ሰዉ ሳቀ። የከብት በሽታ ከሰው በሽታ ምን አገናኘው? ደግሞስ ከጠላት እጅ ምን ደግ ነገር ይገኛል? ከሰልፉ የወጣ ሁሉ ሐይቁ ዳር ወርዶ ክንዱን በአመድና በሎሚ ያጥብ ነበር።

እኔም ዘይነባን አጠብኋት። «እታለም፣ ያቃጥላል!» እያለች ስትፈራገጥ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ ደም እስኪወጣ አሸሁላት። ተራዬ ሲደርስ ሎሚው አልቆ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ማቃጠሉንም ፈርቻለሁ። እጅጌዬን አውርጄ «ታጥቤአለሁ» አልኋት።

ክንዴ ቋጠረ፣ መገለ፣ ደረቀ። በበጋው መጨረሻ ፈንጣጣ ሰፈራችን ገባ። ዘይነባን ያስታመምኋት እኔ ነኝ። አንድ መደብ ላይ ተኝተን፣ በአንድ ዋንጫ ጠጥተን፣ እኔን አልነካኝም። እሷ ነፍሷ ተረፈች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ጠፉ። ያዳነኝ ያልታጠበው ክንዴ እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል። ጎረቤቱ «የአላህ ሥራ ነው» ሲል፣ እኔም አብሬ «የአላህ ሥራ ነው» አልሁ። እንዴት ያለሁ ፈሪ ነበርሁ!

ከጤና ጣቢያው ስመለስ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ካረጀን ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። አጠገቧ ተቀመጥሁና፣ «ያን ቀን የእኔን ክንድ አልታጠብሁም። የአንቺን ብቻ ነው ያጠብሁት» አልኋት።

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሁለታችንም ታጥበን፣ አንቺን ምሮ እኔን የቀጣኝ ምን አጥፍቼ ነው እያልሁ አላህን ስጠይቀው ነው የኖርሁ።»

ያጠብኋት ሳላውቅ ነው፤ ዝም ያልሁት ግን እያወቅሁ ነው።